ስለ ርዕደተ ምድርና ስለ ቤቶቻችን ክብደት

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ስትናወጥ ከርማ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት በመለኪያ 5.8፣ የካቲት 7 ቀን ሌሊት ደግሞ 6.0 የሆነ ንውጽውጽታ በደረሰ ጊዜ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ያለው ሕዝብ በብዙ ሺህ እየተቈጠረ ቀየውን ለቆ በድንኳንና በላስቲክ ቤት ሲጠለል፣ ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖረው የአዲስ አበባ ሰውም በሌሊት ልብሱ ከፎቅ እየወረደ፣ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ በግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ያን ሰሞን ስለ ርዕደተ ምድር የማያወራ ሰው አልነበረም፤ ባለሙያውም፣ ሰባኪውም፣ ነቢይ ነኝ ባዩም የየድርሻውን ተናገረ። መናወጡ ጋብ ሲል ግን ወሬውም አብሮ ጋብ አለ። ሰው ደንግጦ ሳለ ስለ ግንብና ስለ ፌሮ ቢነግሩት ስለማይሰማ፣ ነገሩን ማንሣት የሚገባው ምድር ዝም ባለች ጊዜ ነው ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህ ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አገራችንን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚከፍለው ስምጥ ሸለቆ፣ የምድር ቅርፊት በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተላቀቀ የሚሄድበት ስፍራ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የዘመናት ድርሻውን ባንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚህም በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ምድር በዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ ዐለት ከታች ገፍቶ በመግባቱ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱ እስከ 8 ሜትር መላቀቁ ምስክር ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን፣ ከመንገደኞች ማስታወሻ፣ ከጥንት ጽሑፍና ከመሣሪያ ንባብ አሰባስበው የአገራችንን የርዕደት ታሪክ በመጽሐፍ ትተውልናል። ከዚያ ታሪክ ሦስቱን ብቻ ባስታውስ ይበቃል፤ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ በኩል ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ ያስደነገጠው፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን እንዳልነበረች አድርጎ፣ ከካራ ቆሬ ቤቶች ግማሽ ያህሉን ጥሎ፣ የደሴን አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ አበላሽቶ፣ 5 ሺህ ያህል ሰው ያለ መጠለያ ያስቀረው፤ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ የሰርዶን መንደር ያፈረሰው ናቸው።

እነዚህ ሁሉ የደረሱት ግን ከተሞቻችን ትንንሽ፣ ቤቶቻችንም ቀላል በነበሩበት ዘመን ነው። የአባቶቻችን የጭቃ ቤት፣ ወጋግራው በመሬት ተተክሎ፣ በማገር ተጠላልፎ፣ ጭድ በበዛበት ጭቃ የተመረገ ስለሆነ፣ ምድር ስትወዛወዝ እንደ ቅርጫት አብሮ ይለመጥ እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ጭቃው ቢረግፍ እንኳ የሚወድቀው ምርግ ሰውን ያቈስል እንደሆነ እንጂ እንደ አርማታ አይቀብርም። ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ምስጡንና የጣራውን ፍሳሽ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚመኝ። ነገር ግን በዚያው በተናወጠው ምድር ላይ ክብደቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ቤት ስንሠራ፣ በክብደቱ ልክ ጥበቡንም መጨመር ይገባን ነበር።

በከተሞቻችን የሚታየው ፎቅ ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ አለው፤ ታችኛው ወለል ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው ተነሥቶ በመስተዋት ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ግን ሁሉ በብሎኬት ተሞልቶ ይከብዳል። ርዕደት በመጣ ጊዜ ላይኛው አካል እንደ አንድ ግንድ ሆኖ ሲንቀሳቀስ፣ መከራውን ሁሉ የሚሸከሙት የታችኛው ወለል ቀጫጭን ኮለኖች ናቸው፤ ኮለኖቹም የሚጸኑት ወይም የሚከዱት፣ ልስን ከተለሰነ በኋላ ማንም ዓይቶት በማያውቀው በስታፋው ነው። ስታፋ ቋሚ ፌሮዎችን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት ነው። ፌራዮው ጫፉን በ90 ዲግሪ ብቻ አጥፎ ቢተወው፣ የኮለኑ ቅርፊት በመናወጥ በተራገፈ ጊዜ እስሩ ይፈታና ቋሚው ፌሮ ወደ ውጭ ይጐብጣል፤ ጫፉን በ135 ዲግሪ አጥፎ ወደ ውስጥ ቢያስገባው ግን ኮለኑ ቢቈስልም ሸክሙን ሳይጥል ይቈያል፤ ሰውም ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። እንዲሁም ኮለኑ ከቢም ጋር በሚጋጠምበት በላይና በታች ጫፉ ስታፋው ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መደርደር ሲገባው፣ እጅ ለማስገባት አይመችም ተብሎ የሚዘለለው በዚያው በመጋጠሚያው ላይ ነው። የአርማታው ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በባሬላ ለማመላለስና ለማፍሰስ እንዲቀል ውሃ በላዩ ሲጨመርበት ሥራው ይፈጥናል፣ ጥንካሬው ግን ይሰለባል። አንድ ፎርማን ከዚህ ሁሉ የሚያተርፈው ጥቂት ኪሎ ብረትና የግማሽ ቀን ድካም ነው፤ ለዚህች ትርፍ የብዙ ሰው ነፍስ በመያዣነት መሰጠቷ እጅግ ያሳዝነኛል።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ የርዕደት መቋቋሚያ የሕንጻ ደንብ በ1987 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624ም በ2001 ዓ.ም. ታውጇል። ጉድለቱ በወረቀቱና በአርማታው መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

ይህ ርቀት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በ2002 ዓ.ም. በሁለት አገሮች ታይቷል። ጥር 4 ቀን በሃይቲ በመለኪያ 7.0 የሆነ ርዕደት ደርሶ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ፈጀ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 20 ቀን፣ በቺሊ 8.8 የሆነ፣ ኀይሉም ከሃይቲው 500 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ርዕደት ደረሰ፤ በዚያ የሞተው ሰው ግን ባሕሩ የወሰደው ሁሉ ተጨምሮ ከ600 ያነሰ ነበር። ቺሊዎች በ1952 ዓ.ም. ከደረሰባቸው ታላቅ መዓት በኋላ ደንባቸውን ከማጥበቃቸውም በላይ፣ ሕንጻ ሠርቶ የሸጠ ሰው ለአካሉ ጽናት 10 ዓመት ተጠያቂ እንዲሆን አድርገዋል። ቱርክ ጥሩ ደንብ እያላት በ2010 ዓ.ም. ያለ አግባብ የተሠሩ ሕንጻዎችን ገንዘብ እያስከፈለች ሕጋዊ አደረገች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በመጣው ርዕደት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ቀበረች።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። እግዚኦታ ማድረስ የሚገባ ነው፤ እኔም አደርሳለሁ። ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዘዋለች፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ትላለችና፣ ስታፋ የጐደለበትን ኮለን አቁሞ በፈቃደ እግዚአብሔር የሚያመካኝ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢመለከት መልካም ነው።

በመናወጡ ሰዓት ስለሚደረገው ጥቂት ልናገር። በጥር 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ በደረሰው መለስተኛ ርዕደት ብዙ ተማሪዎች የተጎዱት ለመውጣት ሲጋፉና ሲዘሉ ነው። ስለዚህ ፎቅ ላይ ያላችሁ ወደ ደረጃና ወደ ሊፍት አትሩጡ፤ ከመስተዋትና ከቁም ሣጥን ርቃችሁ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተጠግታችሁ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ፤ ውጡ የሚባለው መናወጡ ሲያቆም ነው፤ ስትወጡም የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ። ቁም ሣጥኑንም ዛሬውኑ ከግድግዳው ጋር በብሎን እሰሩት።

ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ፣ በተለይም በአዳማ፣ በሐዋሳና በአርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የምትኖሩ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሴራሚኩ ከመከራከራችሁ በፊት የስትራክቸር ፕላኑን አስወጡ። አርማታ ሊፈስ በዋዜማው የምታምኑትን መሐንዲስ ይዛችሁ ወደ ሥራው ስፍራ ሂዱ፤ የኮለኖቹን ጫፍ እዩ፤ ስታፋውን ቁጠሩ፤ ፎቶግራፍም አንሥታችሁ አስቀምጡ። ጐድሎ ብታገኙት፣ ፎርማኑ ቢቈጣም፣ የቀኑ ሠራተኛ ሁሉ ተሰልፎ ቢጠብቅም፣ ያን ቀን አርማታ አታስፈስሱ።