የማይቆጠረውን የቆጠሩ

የሜልበርን ሰው የእግር ኳስ ውጤት ሲነግርዎ በአንድ ቁጥር አይለቅዎትም፤ «አሥራ አምስት፣ አሥራ አንድ፣ መቶ አንድ» ብሎ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይደረድርልዎታል። የሚያወራው እኛ ስለምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ ሞላላ፣ ሜዳውም ሞላላ ስለሆነው፣ በእጅም በእግርም ስለሚጫወቱት፣ እነሱ በቁልምጫ «ፉቲ» ስለሚሉት የአገራቸው ጨዋታ ነው። በመሐል በቆሙት ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ተመትቶ ያለፈ ኳስ ጎል ይባላል፣ ስድስት ነጥብ ያሰጣል፤ ከነዚያ ግራና ቀኝ ባሉት አጫጭር ምሰሶዎች በኩል ሾልኮ የወጣው ደግሞ «ቢሃይንድ» ነው፣ አንድ ነጥብ። አሥራ አምስት ጎል ዘጠና ይሆናል፣ አሥራ አንድ ቢሃይንድ ሲታከልበት መቶ አንድ።

እኔን የያዘችኝ ይቺ ታናሽ አንድ ነጥብ ናት። ማዕረጓን ያገኘችው የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ስምንት ክለቦች ይዞ በጀመረበት በ1897 ነው (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። ከዚያ በፊት አሸናፊ የሚለየው በጎል ብቻ ስለነበር ቢሃይንድ ለውጤቱ አንዳች አትጨምርም፣ አንዳች አትቀንስም። ሆኖም የዘመኑን ጋዜጦች ሲያገላብጡ ዘጋቢዎቹ ከዓመት ዓመት ሲጽፏት ያገኟቸዋል፤ ጎሉን ያሰፍሩና ከጎኑ ቢሃይንዷን ያስቀምጣሉ፣ ያዘዛቸው ሕግ ሳይኖር። ኳሱ ወዴት አዘንብሎ እንደዋለ፣ ማን ሲያጠቃ ማን ሲከላከል እንደቆየ ስለምትናገር ይመስለኛል። ጎል ያስቆጠረ ይዘፈንለታል፣ ለጥቂት የሳተውን ግን የሚያስታውሰው መዝጋቢ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዱ ቡድን ሁለት ጎልና ሦስት ቢሃይንድ፣ ሌላው አንድ ጎልና አሥራ አራት ቢሃይንድ አገባ እንበል። በድሮው ሕግ የመጀመሪያው አሸንፎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በዛሬው ስሌት ግን 15 ለ20 ተሸንፏል። የጥንቱን ውጤት የሚያጠና ሰው ይህን ባየ ቁጥር እጁ ወደ ማባዛት ይሄዳል፣ እኔም የወረቀት ዳር ላይ ሳባዛ አመሻለሁ፤ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ተጫዋቾቹ ቢሃይንድ ዋጋ እንዳላት ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ጨዋታ ይጫወቱ ነበርና፣ ባላወቁት ሕግ ልንዳኛቸው አንችልም። በ1896 ኮሊንግዉድና ሳውዝ ሜልበርን እኩል ሆነው ጨርሰው ለዋንጫው ሌላ ጨዋታ ሲጫወቱ ኮሊንግዉድ ያሸነፈው 6 ጎል ከ9 ቢሃይንድ ለ5 ጎል ከ10 ቢሃይንድ ነው። ይህን እንዳለ መጻፍ እንጂ 45 ለ40 ብሎ መተርጎም የዚያን ቀን ሰዎች ሥራ መንካት ነው።

ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ያምራል። በ1858 ሐምሌ ወር ቶም ዊልስ የተባለ ዝነኛ የክሪኬት ተጫዋች ለአንድ የስፖርት ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ክሪኬተኞቹ በክረምት እንዳይዝሉ የእግር ኳስ ክለብ ይቋቋም አለ። ነሐሴ 7 ቀን ስኮች ኮሌጅና ሜልበርን ግራመር የተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሪችመንድ ፓዶክ በተባለው መስክ ላይ፣ ዛሬ ትልቁ የሜልበርን ስታዲየም ካለበት ጎን፣ አርባ ለአርባ ሆነው ገጠሙ፤ ጎሎቹ ግማሽ ማይል ያህል ተራርቀው ነበር ይባላል። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ራሱ ዊልስ ነበር። ሌላው ጆን ማካዳም የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ ጨው ተነስንሶበት የሚሸጠው ማካዳሚያ የተባለው ለውዝ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፣ ስያሜውንም የሰጠው ባልደረባው የዕፅዋት ተመራማሪ ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። ወደ ጨዋታው ስመለስ፣ በመጀመሪያው ቀን አላለቀም፣ ነሐሴ 21 ቀጠሉ፣ አሁንም አላለቀም፣ መስከረም 4 ደገሙት፤ በመጨረሻ አንድ ለአንድ ተለያዩ። እንግዲህ መዝጋቢው ብዕሩን አንስቶ ይቆማል፦ አንድ ጨዋታ ነው ወይስ ሦስት? ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ዛሬም በየዓመቱ ይገናኛሉ፣ ይህን ጥያቄ ግን ለመዝጋቢዎች የተዉት ይመስለኛል።

ድሮ አቻ መውጣት ብዙ ነበር፤ በጎል ብቻ ሲቆጠር ግድ ነው። ዘጋቢዎቹ ግን አቻ ብለው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ «አቻ ተለያዩ፣ ለካርልተን ባደላ አቻ» ዓይነት አጻጻፍ ነበራቸው። ዛሬ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ያቺን ማድላት የሚያሰፍርበት ሳጥን የለውም፣ አንድ አቻ ብሎ ያልፋታል። እኔ ብሆን ሳጥን አበጅላት ነበር።

የአሠራሩን ነገር ላጫውትዎ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ጋዜጣ የለም፣ ስለዚህ ፈላጊው ዓይኑን የሚጥለው የሰኞው «አርገስ» እና የሰኞው «ኤጅ» ላይ ነው። ገጾቹን የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ትሮቭ» በተባለው መድረኩ አንሥቶ ለሁሉም በነፃ ስለከፈታቸው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያነባቸው ሰው በዝቷል። ማሽኑ ያረጀውን የእርሳስ ፊደል ሲያነብ 3ቱን 8፣ 5ቱን 6 ያደርገዋል። ያነበበ ማንኛውም ሰው ግን መስመሩን ማረም ይችላል፣ የሚያርሙትም ብዙ ናቸው፤ ማንም ስማቸውን ሳይጠራቸው፣ የሞተ ዘጋቢ የጻፈውን ቁጥር ወደ ቦታው ሲመልሱ የሚያመሹ ሰዎች። እነዚህን በጣም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱ ጋዜጦች ሲጋጩስ? ያኔ ሳምንታዊዎቹ «አውስትራሌዢያን» እና «ሊደር» ይጠራሉ። ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ አውስትራሌዢያን የአርገስ ቤት ልጅ ነው፣ ሊደርም የኤጅ። ሁለት ምስክር ከአንድ ገበታ ከበላ አንድ ምስክር ነው።

ዘጋቢዎቹ ደግሞ በብዕር ስም ነው የሚጽፉት። በአርገስ «ኦብዘርቨር» እያለ የእግር ኳሱን ዓምድ ይጽፍ የነበረው ዶናልድ ማክዶናልድ በኋላ ወደ ቦር ጦርነት ዘምቶ በሌዲስሚዝ ከበባ ውስጥ የቆየ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆነ፤ ቢሃይንድ የቆጠረበት ዓይን መድፍ ቆጠረ። ተጫዋቾቹን ሲጠሩ አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ስም ብቻ ይጽፋሉ፤ በአንድ ዘመን ሁለት ሦስት ስሚዝ ካለ የትኛው እንደሆነ ፈላጊው ከቡድኑ፣ ከዓመቱ፣ ከሠፈሩ ያዛምዳል። ማልያ ላይ ቁጥር በሊጉ የተለመደው በ1912 ነው፤ ከዚያ በፊት ጭቃ የለበሰ ሰው ከሩቅ የሚለየው በሩጫው ነው። በእንዲህ ዓይነት ፍለጋ ነው ፖምፒ ኦስቲን ከጋዜጣ ገጽ የወጣው፦ የፍራምሊንግሃም ሰው፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ የተወለደ፣ በ1872 ለጂሎንግ የተሰለፈ። ሮይ ሄይ የተባሉ የታሪክ ጸሐፊ የሱንና የመሰሎቹን ፈለግ ተከትለው መጽሐፍ አድርገውታል። የሊጉን መዝገብ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን ከነባሩ ሕዝብ የመጀመሪያው ተጫዋች የፊትዝሮዩ ጆ ጆንሰን ነው፣ በ1904፣ ይልዎታል። መካከላቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት አለ።

በክለቦችም ላይ ይኸው ይደርሳል። ፉትስክሬ የኛ ሰው ቡና የሚጠጣበት፣ እንጀራ የሚገዛበት የሜልበርን ሠፈር ነው፤ ክለቡ ግን ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1925 ስለሆነ ከዚያ በፊት ከሊጉ በፊት በተቋቋመው የክለቦች ማኅበር ያገኛቸው ዘጠኝ ዋንጫዎች በሊጉ ድምር ውስጥ አይገቡም። ጂሎንግም እንዲሁ ነው፤ ከ1878 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፣ መቁጠሪያው ከ1897 ስለሚጀምር ግን አሥር ዋንጫ ያለው ክለብ ተብሎ ይጠራል። የቀድሞው የጂሎንግ ፕሬዚዳንት ኮሊን ካርተር የተረሱት ዓመታት ይቆጠሩ ብለው መጽሐፍ ጽፈዋል። ከሳቸው ጋር ነኝ፣ በአንድ ነገር ብቻ ልለይ፦ ከ1888 በፊት ሻምፒዮኑ በነጥብ ሳይሆን በጋዜጦችና በአዋቂዎች ስምምነት ይታወቅ ስለነበር፣ ያን ዘመን ከኋለኛው ጋር ከመደመር ይልቅ በራሱ ዓምድ በክብር ማስቀመጥ ይሻላል። የጨዋታው ታሪክ ጸሐፊ ማርክ ፔኒንግስ የቪክቶሪያን እግር ኳስ የመጀመሪያ ዘመን በተከታታይ ቅጾች ሲያሰናዳ የያዘው ትዕግሥት እንዲህ ያለ ነው።

ስታዲየም የመግባት ዕድል ካገኙ የጎል ዳኛውን ይመልከቱልኝ። ለጎል ሁለት ባንዲራ፣ ለቢሃይንድ አንድ ያውለበልባል፣ ከዚያ ባንዲራውን መልሶ ከኪሱ ካርድ አውጥቶ ይጽፋል፤ የጨዋታው ሩብ ሲያልቅ ከወዲያኛው የጎል ዳኛ ጋር ካርዳቸውን ያስተያያሉ። ከተመልካቹም መካከል ከ1912 ጀምሮ በሚታተመው የጨዋታ መጽሔት ላይ በእርሳስ እየጫሩ የሚከታተሉ አሉ። ትልቁ ሰሌዳ ሁሉን እያሳያቸው እነሱ ግን ይጽፋሉ።

ቢሃይንድ ማዕረግ ካገኘች በኋላ ፈተናዋን መጀመሪያ የተቀበለው ሴንት ኪልዳ ነው። በ1899 ጂሎንግ 23 ጎልና 24 ቢሃይንድ፣ በጠቅላላው 162 ሲያገባ፣ ሴንት ኪልዳ አንዲት ቢሃይንድ ብቻ አገኘ፤ እስከ ዛሬ የሊጉ ዝቅተኛ ውጤት እሱ ነው። ክለቡ ከሊጉ መጀመሪያ አንሥቶ 48 ጨዋታ ተከታትሎ ተሸንፏል። በ1900 የመጀመሪያ ጨዋታው ከሜልበርን ጋር አቻ ወጣ፤ ከዚያ አቤቱታ አቀረበ፣ ለሜልበርን የተመዘገበች አንዲት ቢሃይንድ የሩቡ ማብቂያ ደወል ከተደወለ በኋላ የገባች ናት ብሎ። አቤቱታው ተሰማ፣ ቢሃይንዷ ከመዝገብ ተሰረዘች፣ ሴንት ኪልዳም በሊጉ የመጀመሪያ ድሉን በአንድ ነጥብ አገኘ፣ ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን ቀይረው ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ። ያቺን ነጥብ የተነጠቀው ሜልበርን የዚያኑ ዓመት ዋንጫ ወሰደ።