የሕሊና ክምር

በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከደም ግፊት መለኪያው አጠገብ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ድንጋይ ተቀምጣ ኖራለች። መጠኗ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ቀለሟ በአንድ ወገን የደረቀ ደም፣ በሌላው ወገን እርድ ይመስላል። አስተውሎ ላያት ሰው የእንጨት መስመር ይታይባታል፤ ሲያነሣት ግን እንጨት አለመሆኗን ክብደቷ ይነግረዋል። ሕመምተኞቼ «ዶክተር፣ ይህች ምንድን ናት?» ብለው ሲጠይቁኝ «ከአሪዞና በረሃ የተገኘች ናት» እላቸው ነበር። ማን እንዳገኛትና እንዴት እንዳመጣት ግን አልነገርኳቸውም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ያንን ለመናገር ነው።

ጊዜው 1999 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፊኒክስ ከተማ የውስጥ ደዌ ሕክምና ሥልጠናዬን ሁለተኛ ዓመት ጀምሬያለሁ። የሁለት ቀን ዕረፍት ባገኘሁ ጊዜ በስደት ከተዋወቅኳቸው ሁለት ወዳጆቼ ጋር በአንዲት አሮጌ መኪና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጓዝን። ሳጓሮ የሚባለው ረጅም ቁልቋል እንደ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ከቆመበት ቆላ ተነሥተን፣ የጥድ ደን የለበሰውን ደጋ ተሻግረን፣ ሆልብሩክ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፈን ፔትሪፋይድ ፎረስት ከሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ደረስን። ትርጓሜው «ድንጋይ የሆነ ደን» ማለት ነው። ደን ሲባል የቆመ ዛፍ ጠብቀን ነበር፤ የቆመ ግን አንድም አልነበረም። ግንዶቹ ሁሉ በግራጫና በሐምራዊ ኮረብታዎች መካከል ተጋድመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም 44 ቶን ነው። ብዙዎቹ ለማገዶ በመጋዝ የተቆራረጡ ይመስላሉ። አንደኛው ወዳጄ ራሱን እየነቀነቀ «ይህን ሁሉ ማን ቆረጠው?» ሲል ጠየቀ።

ማንም አልቆረጠውም። ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይህ ደረቅ ምድር ለምድር ወገብ የቀረበ፣ ታላላቅ ወንዞች የሚፈስሱበት ለምለም አገር ነበር። ጎርፍ የገነደሳቸው ዛፎች በአሸዋና በጭቃ ሥር ተቀበሩ፤ አየር ስላላገኛቸውም ቶሎ አልበሰበሱም። ከደለሉ ጋር የተቀላቀለው የእሳተ ገሞራ አመድ ሲሊካ የሚባለውን ማዕድን ለከርሰ ምድር ውኃ አቀበለ፤ ውኃውም ወደ እንጨቱ እየሰረገ ማዕድኑን አስቀመጠ፤ በዘመናት ብዛት እንጨቱ ሄዶ በምትኩ ኳርትዝ ቀረ። ቀዩና ቢጫው ቀለም በአብዛኛው ከብረት የመጣ ነው። ኳርትዝ ቢላዋ የማይጭረው ጠንካራ ነገር ቢሆንም እንደ መስተዋት ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ምድሩ ከፍ እያለ ሲመጣ ግንዶቹ መጋዝ የገባባቸው ያህል ቀጥ ብለው ተሰነጠቁ። ሐኪም ይህን ሲሰማ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ በታመመ ጉበት ላይም ሕያው ሥጋ እየሄደ ጠባሳ ይተካዋል። ልዩነቱ የበረሃው ጠባሳ ውብ መሆኑ ነው።

ክሪስታል ፎረስት በሚባለው ስፍራ ዙሪያውን የሚሄድ አጭር የእግር መንገድ አለ። ስፍራው ይህን ስም ያገኘው በግንዶቹ ውስጥ ይገኙ ከነበሩት የሚያንጸባርቁ ክሪስታሎች ነው፤ እነዚያን ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባቡሩን ተከትለው የመጡ ሰዎች ግንዱን በድማሚት እያፈነዱ ወስደዋቸዋል። ግንዶቹን ፈጭቶ የብረት መሞረጃ ለማድረግም ወፍጮ ተተክሎ ነበር። የአካባቢው ሰዎች አቤቱታ አሰሙ፤ በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስፍራው እንዲጠበቅ አወጁ፤ በ1962 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ይህን ሁሉ ኋላ ነው ያነበብኩት። በዚያች ቀን ያነበብኩት የማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ ብቻ ነበር። ጎብኚዎች ጥቂት በጥቂት እያነሡ በዓመት 14 ቶን እንደሚወስዱ ይናገራል። እኔም በልቤ «በዓመት 14 ቶን ከሄደ የእኔዋ ምን ታጎድላለች?» አልኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ያጠበቅሁ መስዬ አነሣኋትና ኪሴ ከተትኳት። በመውጫው በር ላይ የፓርኩ ጠባቂ የወሰድነው ነገር እንዳለ ጠየቀን። ወዳጆቼ «የለም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔም «የለም» አልኩ።

ከዓመታት በኋላ የሥነ ልቦና ሊቁ ሮበርት ቻልዲኒ ከባልደረቦቹ ጋር በዚያው ፓርክ ያደረገውን ጥናት አነበብኩ። ተመራማሪዎቹ በመንገዱ ዳር ምልክት ያደረጉባቸውን ቁርጥራጮች አስቀመጡ። «ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን ጎድተዋል» የሚል መልእክት ያለው ሰሌዳ በቆመ ጊዜ ከቁርጥራጮቹ 7.92 በመቶ ተሰረቁ፤ ሰዎች እንዳይወስዱ ብቻ የሚለምን ሰሌዳ በቆመ ጊዜ ግን የተሰረቀው 1.67 በመቶ ነበር። ሰው «ሌላውም ያደርገዋል» ሲባል፣ ተግሣጹን ትቶ ፈቃዱን ይሰማል ማለት ነው። ጥናቱን አንብቤ ስጨርስ ያሰብኩት ስለ ድንጋይዋ አልነበረም።

በ1988፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ መንግሥት በሰጠኝ ዕድል ሕክምና ለመማር ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄድኩ። የገባሁባት ከተማ ሌኒንግራድ ትባል ነበር፤ በ1995 ስመረቅ ስሟ ሴንት ፒተርስበርግ ሆኗል። በመካከሉ፣ በ1991፣ የላከኝም የተቀበለኝም መንግሥት አልፈዋል። ተምሬ አገሬን ላገለግል ፈርሜ ነበር፤ ያስፈረሙኝ ሰዎች ከሥልጣን ቢወርዱም ፊርማዬ የተገባላቸው ሕመምተኞች በየሆስፒታሉ ደጃፍ ተሰልፈው ነበር። በማደሪያችን ኮሪደር ግን በየሳምንቱ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ እገሌ ጀርመን ቀረ፤ እገሊት ስዊድን ገባች፤ እገሌ የአሜሪካ ቪዛ አገኘ። ወሬው የሚወራው በሐዘኔታ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ይለፍ ወረቀት ተቀበልኩት። በዓመቱ እኔም ወሬ ሆንኩ።

በ2008 አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት የፈጸሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ክሊኒኬን ሳሳያቸው ድንጋይዋን አንሥተው በመነጽራቸው ሥር አገላበጧት።

«ማን ሰጠህ?» አሉኝ።

ለእሳቸው መዋሸት አልሆነልኝም፤ እንደሆነው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ለምን አትመልሳትም?» አሉ።

«አባባ፣ አንዲት ጠጠር እኮ ናት። መንገዱም ሩቅ ነው፤ ሥራውም ፋታ አይሰጥም» አልኩ።

«ይህን መልስ በስልክም ሰምቼዋለሁ» አሉ፤ ፈገግ ብለው። ከዚያም ድንጋይዋን ካነሡበት ስፍራ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጧት። በ2016 ሲያርፉ ለሠልስታቸው እንጂ ለቀብራቸው አልደረስኩም።

በ2024 ጥቅምት ብቻዬን መኪና ነድቼ ሄድኩ። በፓርኩ ደቡባዊ መግቢያ በኩል ካለችው ሙዚየም ውስጥ ድንጋይ የመለሱ ሰዎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ይታያሉ። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች መምጣት የጀመሩት በ1930ዎቹ ነው፤ በ2014 በመጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ድንጋዩን ከወሰዱ ወዲህ ስለደረሰባቸው መከራ ይናገራሉ፤ ስለ ፍቺ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ መኪና አደጋ። ሐኪም ነኝና ድንጋይ በሽታ እንደማያመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደብዳቤዎቹን ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው።

ድንጋይዋን ለአንዲት ወጣት የፓርክ ጠባቂ ሰጠኋት። አልተቆጣችም፤ አመሰገነችኝ።

«ከየት እንዳነሷት ያስታውሳሉ?» አለችኝ።

«ከክሪስታል ፎረስት መንገድ።»

«ከየትኛው ግንድ አጠገብ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። እሷም በእርጋታ አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ ለአጥኚው የሚናገረው በወደቀበት ቦታ ሳለ ነው፤ በግምት ሌላ ቦታ ቢጣል ያሳስታል። ስለዚህ ተመልሰው የሚመጡት ድንጋዮች ወደ ደኑ አይገቡም፤ ጎብኚ በማይደርስበት የአገልግሎት መንገድ ዳር በአንድነት ይከመራሉ። ስሙም «የሕሊና ክምር» ይባላል። ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ከሕመምተኛ የተቆረጠ ናሙና የማን እንደሆነና ከየት እንደተወሰደ ሳይጻፍበት ላቦራቶሪ ቢደርስ፣ ሥጋው ያው ሥጋ ነው፤ ነገር ግን ስለ ማንም ምንም አይናገርም።

ስለ 14ቱ ቶን ጠየቅኳት። ፓርኩ የድሮ ፎቶግራፎችን ይዞ ሥዕሉ የተነሣበት ቦታ ድረስ በመሄድ ሲያነጻጽር፣ አብዛኛው ግንድ በነበረበት እንዳለ መገኘቱን ነገረችኝ። እንደሚወራው ደኑ አልተራቆተም። ከሚያልፈው ሕዝብ አብዛኛው አይቶ፣ አድንቆ፣ ባዶ እጁን ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ከድንጋይዋ ይልቅ ከበደኝ። ከ2011 ወዲህ አልፎ አልፎ ለሦስት ሳምንት ወደ አገሬ እየሄድኩ ወጣት ሐኪሞችን አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ፣ ሕመምተኞችን በምንጎበኝበት ሰዓት፣ አንድ ተማሪ በትሕትና «ዶክተር፣ እርስዎ ከየትኛው ክፍል ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንግዳ ነኝ» አልኩት። የዚያ ክፍል ኃላፊ በሌኒንግራድ ከእኔ ጋር በአንድ ማደሪያ የኖረ ሰው ነበር። በ1995 ሻንጣውን ይዞ ተመልሷል። እንደሱ የተመለሱ ሌሎችም ነበሩ፤ በኮሪደሩ ግን ስለ እነሱ ያወራ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቦታዬ ባዶውን አልጠበቀኝም፤ እሱና መሰሎቹ የእኔንም ድርሻ ደርበው ሲሠሩ ኖረዋል። የማደርገው የሦስት ሳምንት ትምህርት ይጠቅማል፤ ይህን ተማሪዎቹ ይነግሩኛል። ከየትኛው ግንድ አጠገብ እንደተነሣሁ ግን እኔም በትክክል አላውቀውም።

ጠባቂዋ ወረቀት ሰጠችኝ። ዓመቱን፣ የመንገዱን ስምና በበሩ ላይ የተናገርኩትን ቃል ጻፍኩ። መከራ አልዘረዘርኩም። ስወጣ በመውጫው በር ላይ ሌላ ጠባቂ መስኮቱን ከፍቶ ያንኑ የቀድሞውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት።