ሁለት ወንበሮች፤ ስለ ሕያዋን ልሳናት መምህራን

በአውሮፓ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ልሳናት በሁለት ወገን ተከፍለው ይቈጠሩ ነበር። ፊተኛው ወገን በመጽሐፍ የሚኖሩት፥ በአደባባይ ግን የማይነገሩት፥ ላቲንና የጥንቱ ጽርእ ናቸው። ኋለኛው ወገን ሕያዋን የሚባሉት፥ ነጋዴ የሚዋዋልባቸው፥ እናት ልጇን የምታባብልባቸው ናቸው። ለብዙ ዘመን የክብር ወንበር የተዘረጋው ለፊተኞቹ ነበር፤ ሕያው ልሳንማ ከሞግዚትና ከመንገደኛ ይለመዳል እንጂ ምን መምህር ያሻዋል የሚል አሳብ ነበረና። ዘመኑ ሲለወጥ ግን መንግሥታት መልእክተኛና አስተርጓሚ አስፈለጓቸው፤ ሊቃውንቱም የሕያዋን ልሳናት ሰዋስው ከጥንቶቹ እንደማያንስ ተረዱ። ስለዚህ በ1795 በፓሪስ የሕያዋን የምሥራቅ ልሳናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1887 በበርሊን የምሥራቅ ልሳናት ሴሚናር ተመሠረተ፤ በኦክስፎርድም የሕያዋን ልሳናት ትምህርት በራሱ ማዕርግ የሚያሰጥ ሆኖ የቆመው በ1903 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን፥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አማርኛም በነዚህ ቤቶች ወንበር ያገኘው ከሕያዋን ልሳናት ተቈጥሮ ነው። ዳሩ ግን ሕያው ልሳን እንደ ድርሳን ተገልጦ የሚያልቅ አይደለም። ፊደላችን ብዙ ነገር ይይዛል፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይዝም። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፤ ሲጠብቅ የጌታን ልደት በዓል ይሰይማል። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፤ ሲጠብቅ መኖር ነው። የቅኔ ተማሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሰሙን ከወርቁ የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው የአፍ ልማድ ነውና። ባዕድ ሊቅ ግን መጽሐፍ ቢደረድር፥ ሌሊቱን በመብራት ቢያነጋ፥ የሚያሰማው ሰው ከሌለ ከዚህ ደጃፍ አያልፍም። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ሁለት ወንበር ነበረ፤ አንዱ ሕግ የሚጽፈው የፕሮፌሰሩ ወንበር፥ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የመጣው፥ ልሳኑን በአፉ የያዘው ሰው የሚቀመጥበት።

የዚህ ነገር መጀመሪያው ከወንበሩ ይቀድማል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኙ። አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊካውያን ጋር ከአገራቸው የወጡ ናቸው። በ1652 ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱ፤ በዚያም በመስፍኑ በኤርንስት ቤት ተቀምጠው ለሉዶልፍ ግእዙንና አማርኛውን አስረዷቸው፤ ሲለያዩም በግእዝ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ በሶርያ ጠረፍ አጠገብ መርከብ ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፥ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተሙ። ወሬ ነጋሪያቸውን ግን አልሸሸጉም፤ ስማቸውን ጠሩ፥ በ1691ም ከመጽሐፋቸው ጋር ሥዕላቸውን አትመው ለዓለም አሳዩ። ደቀ መዝሙር ለመምህሩ የሚገባውን አደረጉ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በሮም ኢኛሲዮ ጉዊዲ የተባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ1901 ታላቁን የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። በአጠገባቸው የተቀመጡት ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ የሸዋ ሰው፥ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ። እኒህ ሊቅ ለጉዊዲ የሰጡት እውቀት በሮም ታትሞ ቀረ ቢባል አጭር ታሪክ ነበር፤ ነገር ግን ኋላ በኢየሩሳሌም ኪዳነ ወልድ ክፍሌን አስተማሩ፥ የጀመሩትንም የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ለእርሳቸው አወረሱ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ሥራ ላይ አሳለፉ፤ መጽሐፉ ሳይታተም ሞት ቀደማቸው። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ከአንድ ደብተራ ሁለት ጅረት ፈለቀ ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ሮም ወረደ፥ ሁለተኛው በኢየሩሳሌም ዞሮ ወደ አገሩ ገባ። በአገር የገባው ጅረት የምንጩን ስም ይዞ መጣ፤ ሦስቱም ሊቃውንት እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይጠራሉና።

በናፖሊ የምሥራቅ ልሳናት ትምህርት ቤት ደግሞ የዘጌው ተወላጅ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከ1902 ጀምሮ አማርኛ አስተማሩ። እርሳቸው ለሌላ ሰው መጽሐፍ ቃል አቀባይ ሆነው አልቀሩም፤ የአማርኛን ሰዋስው በ1905፥ የግሡን መጽሐፍ በ1911 በስማቸው አወጡ፤ በ1908ም የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን ድርሰት በሮም አሳተሙ። የኋለኛው የፖለቲካ ሥራቸው፥ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር መቆማቸው፥ ስማቸውን አጥቍሮታል፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም ልሳን በወንበር ላይ ሲቀመጥ ሥነ ጽሑፍ እንደሚወልድ ያሳዩ እርሳቸው ናቸው።

ለቤተ ክህነት ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የበርሊኑ ታሪክ ነው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የይፋግ ሰው ናቸው፤ በምጽዋ አጠገብ በምንኵሉ በስዊድናውያን ሚሲዮን ተምረዋል። ከ1905 እስከ 1908 በበርሊኑ ሴሚናር አስተማሩ። በዚያ ዘመን ኦይጌን ሚትቮኅ የሚባሉ ሊቅ ከእርሳቸው የግእዝን ንባብ ሰሙ፤ በ1926ም ስለ ግእዝ ልማዳዊ አነባበብ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ያስተውለዋል። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይ፥ ሰያፍ እየተባለ ሕፃን በመምህሩ እግር ሥር የሚለምደው ዜማ፥ በብራና ያልተጻፈው፥ አባት ለልጅ በጆሮ ያወረሰው፥ በበርሊን ለፈረንጅ ሊቃውንት ታወቀ። ከዚያ በፊት ግእዝን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት የአውሮፓ ሰዎች አነባበቡን በግምት ነበር የሚያስቡት።

ይህን ያቀበሉት አለቃ ታየ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሃይማኖት ነገር ተከሰው ታስረዋል። የተከሰሱበት ነገር በነገረ መለኮት የሚመረመር ነው፥ በዚህ የሚፈታ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን መለየት ይገባል። በትምህርታቸው ከቤተ ክርስቲያን የተለዩት ሰው የቤተ ክርስቲያንን ንባብ ሳያዛቡ አሻግረዋል። አባ ጎርጎርዮስም እንዲሁ ከካቶሊካውያን ጋር የወጡ ነበሩ። ስንክሳሩንና ድጓውን በቤት ሆነው የሚጠብቁት ሲኖሩ፥ የአባቶችን ልሳን በባዕድ ደጅ ያቆሙት ብዙ ጊዜ ከቤት የወጡት ናቸው። ስለዚህ በሃይማኖት የማይስማሙትን ሰው ስለ እውቀቱ ማመስገን ሃይማኖትን ማላላት አይሆንም፤ ባለ ዕዳ ዕዳውን አመነ ማለት ነው። ሚትቮኅም ቢሆኑ አይሁዳዊ ስለነበሩ በናዚዎች ዘመን ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በ1942 በዚያው ዐረፉ። ያ ሥራ ያለፈው በሁለት የተገፉ ሰዎች እጅ ነው።

አሁን የሁለቱ ወንበሮች ነገር ሲመዘን የአንዱ ማነስ ይታያል። መጽሐፉ ሲታተም በፊቱ ገጽ የሚነበበው የፕሮፌሰሩ ስም ነው፤ የሁለተኛው ስም ቢበዛ በመቅድሙ ውስጥ በምስጋና ተርታ ይገኛል። ይህን አይቶ ፈረንጆችን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው። ነገር ግን ሉዶልፍ የመምህራቸውን ሥዕል ሲያትሙ፥ በአገር ቤት ስንት የቅኔ መምህር የተቀኘው ቅኔ ያለ ስሙ ይነገራል? ተማሪው ጣዕሙን ይዞ ይሄዳል፥ ባለ ቅኔው ይረሳል። የቅኔ ቤት ደጉ ልማድ ግን ይህ አልነበረም፤ ከማን ተማርህ ሲሉት ከእገሌ፥ እገሌም ከእገሌ ብሎ ሐረጉን መቍጠር ነበር። ከክፍለ ጊዮርጊስ ወደ ኪዳነ ወልድ፥ ከኪዳነ ወልድ ወደ ደስታ የተላለፈው አደራ የዚያ ልማድ ፍሬ ነው።

ሁለቱ ወንበሮች አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉም ታይቷል። ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ ከተማሩ በኋላ በጀርመን በቱቢንገን ዶክተር ሆኑ፤ ኋላም በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ የቤኔዲክት መነኮሳት ባቆሙት በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፥ በፎቶግራፍ የተቀረጹትን የብራና መጻሕፍታችንን በካታሎግ እየዘረዘሩ፥ ገድሉንና ድርሳኑን እየተረጐሙ ኖሩ። የብሪታንያ አካዳሚ የውጭ አባል አደረጋቸው፤ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 ዐረፉ። በእርሳቸው ዘንድ ሕግ የሚጽፈውና በአፉ የሚያሰማው አንድ ሰው ነበር፤ በመቅድም ውስጥ የሚፈለግ ሁለተኛ ስም አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ለካህናቱ፦ ንባብና ቅኔ በአፍ የሚኖር ሀብት ነውና አዋቂው ሳያልፍ ድምፁ በመቅረጫ ይያዝ፤ ከድምፁም ጋር ስሙ፥ አገሩ፥ የመምህሩም ስም ይጻፍ። ለከተማው ምሁር፦ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ተቀምጦ ስለ ልሳን ሲጽፍ፥ ያስረዳውን የገጠር መሪጌታ «አንድ ሽማግሌ» ብሎ አይለፈው፤ መሪጌታው እስከ ፈቀደ ድረስ በስሙ ይጥራው። አባ ጎርጎርዮስ በባሕር ከሞቱ ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስማቸው ዛሬ የሚታወቀው ተማሪያቸው ስለጻፈው ነው።