የእንጀራ ዓይን ያለው ብየዳ

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ግን ኮረብታው ሳይሆን የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻና በየአቅጣጫው የተሰለፈው ኮንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም ባለበት ደግሞ በያጅ ሥራ አይፈታም። ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፍ በተረከበ ማግስት በር ያስለውጣል፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ያስገጥማል፣ በረንዳውን በብረት ያስከልላል። በመንገዱ ዳር ያሉት የቆርቆሮ ወርክሾፖች የሚኖሩት በዚህ ነው።

ከእነዚህ ወርክሾፖች በአንዱ ውስጥ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሙያ ይማራል። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለው። ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ከርሞ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ የእናቱ ጎረቤት የሆኑ በያጅ «እስኪ እኔ ጋ ይምጣ» አሉ። እናቱ ለዘመድ ሲናገሩ ግን «የግል ሥራ ጀምሯል» ነው የሚሉት። ብየዳ የምትለዋን ቃል አይጠሯትም።

መጀመሪያ የተማረው እሳት መጫርን ነው። «እንደ ክብሪት ጫር አድርገህ ወዲያው ከፍ አድርገው። ከብረቱ የሚርቀው በራሱ ውፍረት ያህል ብቻ ነው» አሉት አለቃው። ጫረ፤ ተለጠፈ። ነቅሎ ጫረ፤ አሁንም ተለጠፈ። በሦስተኛው ቀን ማስኩን ሳያወርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረና፣ ሌሊት ላይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተደፋበት ያህል ሆኖ ሲያቃጥለው አደረ። እናቱ ድንች ከትፈው ዓይኑ ላይ አደረጉለት። ጠዋት ተመልሶ ገባ። በወሩ መጨረሻ ላይ ግን ድምፁን ለየ፤ ደህና ብየዳ በጋለ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት እኩል እየጮኸ ይሄዳል።

ከዚያ ሐምሌ ገባ።

አለቃው ለሌላ ሥራ ሲመላለሱ አንድ የአራተኛ ፎቅ የበረንዳ መከለያ ለልጁ ተሰጠው። ሥራው ግን አልታዘዝ አለው። ኤሌክትሮዱ በነካ ቁጥር ይለጠፋል፤ ሲነሳም ይንጣጣል፣ ያጨሳል። አምፔሩን ጨመረ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተሻለ፤ በማግስቱ ጠዋት በዚያው አምፔር ሲጀምር ደግሞ ቱቦላሬው ተበሳ። «ፓኬቱ ነው የተበላሸው» አለና ሌላ ፓኬት አስገዛ። በዋጋ ደረጃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ካለፈ ወዲህ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ኤሌክትሮድ በፍሬ ነው የሚቆጠረው። አዲሱም ፓኬት ተለጠፈ።

እንደምንም ጨረሰው። ከላይ የተበላሸውን በግራይንደር አስተካከለ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላ፣ አንቲራስት ቀባ። ሲያዩት ያምራል። ባለቤቷ ቅዳሜ ልትወስደው ተስማምታለች።

አርብ ዕለት አለቃው መጡና መከለያውን ዞር ዞር ብለው አዩት። ምንም አላሉም። መዶሻ አንስተው አንዱን መገጣጠሚያ ከጎን መቱት። ተገነጠለ። የተገነጠለውን ብረት ለልጁ አቀበሉት። ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ልክ የእንጀራ ዓይን።

«ዓይን ለእንጀራ ነው የሚያምረው፤ በዚህ ላይ ሕፃን ይደገፋል» አሉ።

ልጁ የመጀመሪያ መልሱ «ጋሼ፣ ኤሌክትሮዱ ነው» የሚል ነበር። አለቃው አልተቆጡም፤ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ አሉ። «ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይርና አሳየኝ» አሉት። አካውንታንቱ ይህን ያውቀዋል። ሂሳብ አልመጣጠን ሲል ሁሉንም አያጠፉም፤ መስመር በመስመር ነው የሚፈለገው።

መጀመሪያ ማሳውን አዩ፤ የመሬት ገመዱን መቆንጠጫ ማለት ነው። የተቆነጠጠው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀለሙን ፍቀው አስያዙት፤ ወዲያው ተሻለ። ቀጥሎ የኤክስቴንሽን ገመዱ። 50 ሜትር የሚሆን፣ 1.5 ሚሊ ስኩዌር ስስ ሽቦ ነው። ማሽኑ በዚህ ሽቦ 15 አምፔር ሲጎትት ከ15 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ይጥዳል፤ መስመሩ ራሱ ይደክማል። ልጁ ከሰዓት አምፔር እየጨመረ የታገለው ከጎረቤት እንጀራ ጋር ነበር። ጠዋት ላይ ምጣዱ ሲጠፋ ያው የጨመረው አምፔር ብረቱን በሳው። ለ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃል፤ ለስስ ቱቦላሬ ደግሞ ወደ ታችኛው ይጠጋል።

የመለጠፉ ምክንያት ይህ ነበር። የቀዳዳው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ማሳው ከተስተካከለና ገመዱ ካጠረ በኋላም የድሮው ፓኬት ሲበየድ ይንጣጣል፤ ሲሰበር ዓይን አለው። አዲሱ ግን የለውም። አለቃው ሄደው ፓኬቱ የተቀመጠበትን ቦታ አዩ፤ አፉ ተከፍቶ፣ ከመረሬው አፈር ላይ በተዘረጋ ካርቶን፣ ዝናብ በሚያስገባው ቆርቆሮ ሥር።

ኤሌክትሮድ ላይ ያለው ሽፋን ጌጥ አይደለም። ሲቃጠል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ቅርፊት ሆኖ የሚቀረው ደግሞ ብረቱ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያለብሰዋል። ሽፋኑ እርጥበት ከጠጣ ውኃው በእሳቱ ተሰንጥቆ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይሆናል፤ ብረቱ ሲረጋ ጋዙ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል። በኤሌክትሮዱ ላይ የተጻፈው 6013 የሚለው ቁጥርም ለደረቅ ኤሌክትሮድ የተሰጠ ቃል ነው። 60 ማለት ብየዳው በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር 42 ኪሎ ገደማ ጉተታ እንዲችል ይጠበቃል ማለት ነው። በቀዳዳ የተሞላ ብየዳ ግን ቁጥሩን ተሸክሞ አቅሙን አጥቷል። ለድልድይና ለከባድ ብረት የሚውለው 7018 ከዚህም ይብሳል፤ በጋለ ምድጃ ካልተጠበቀ፣ ብየዳው ከተጠናቀቀ ከሰዓታት አልፎም ከቀናት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር ተናገረ። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ የገጠምነውም ከዚሁ ፓኬት ነው።»

አለቃው ለጥቂት ጊዜ ወለሉን አዩ። ለቅዳሜዋ ደንበኛ ደወሉና ሥራው አንድ ሳምንት እንደሚዘገይ ነገሯት፤ ተቆጣች። ከዚያ ማሽኑን ተሸክመው ከልጁ ጋር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። በሩን የከፈቱት ሴት ጥርጣሬ ገባቸው፦ «ደግሞ ልትጨምሩብኝ ነው?»

«የለም እህቴ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ሳንቲም አንጠይቅም።»

ሴትየዋ ይበልጥ ተጠራጠሩ። ተከፍሎት ከሄደ በኋላ በራሱ ጊዜ «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚመለስ ሠራተኛ አይተው አያውቁም ነበር። ግን አስገቧቸው። ቀለሙን ፍቀው አሥራ አንድ መገጣጠሚያ መረመሩ፤ ሦስቱ ዓይን አላቸው። ቆርጠው አውጥተው በደረቁ ኤሌክትሮድ ደገሙት። የሁለት ቀን ሥራ፣ አንድ ፓኬትና የታክሲ ሂሳብ ከአለቃው ኪስ ወጣ።

ጉዳዩ ከአንድ በረንዳ በላይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አለቃው ባይመለሱ ማን ያውቅ ነበር? ማንም። የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ ሲኦሲ የያዙ በያጆችም አሉ። ነገር ግን የበረንዳ መከለያ የሚያሠራ ሰው ወረቀቱን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በካሬ ስንት እንደሆነና ቀለሙ ምን እንደሚሆን ነው። በካሬ ዋጋ የሚፎካከር በያጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆጥበው የማይታየውን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጭን በአደባባይ መስደብ ዛሬ ነውር ሆኗል። ንቀቱ ግን ሌላ መልክ ይዟል፦ ሥራውን አለመጠየቅ። ሐኪምን «ይህ መድኃኒት ምንድን ነው?» የሚል ሰው፣ ልጁ የሚደገፍበትን ብረት የበየደውን ሰው ምንም አይጠይቅም። ልጃቸው ብየዳ መማሩን የሚደብቁት እናትና ከቀለም በቀር የማይጠይቀው ደንበኛ አንድ ነገር ነው የሚያስቡት፤ ይህ ሥራ ዕውቀት የለውም ብለው። የተሰበረው ብረት ውስጥ ያለው ዓይን ግን ዕውቀት የጎደለበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል።

አሁን በወርክሾፑ ጥግ አንድ የተበላሸ ፍሪጅ ቆሟል። ውስጡ የድሮው ዓይነት፣ የሚሞቀው አምፖል ቀን ከሌት ይበራል። ኤሌክትሮዶቹ የሚያድሩት እዚያ ነው። የረጠበውን አያድንም፤ የደረቀውን ግን ይጠብቃል። ልጁ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው አምፖሉ መብራቱን ነው።

ብረት የሚያሠራ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ኤሌክትሮዱ የት እንደሚያድር ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሥራውን ስቱኮና ቀለም ሳይነካው መጥቶ ይየው። ያን ቀን አላሳይም የሚል በያጅ ካለ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ልጅ አያስደግፉበት።