ስታይሌ እንዳይበላሽብኝ

ዛሬ ጠዋት አንድ ልጅ አጭር ልብወለዱን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሳይምሩ ይንገሩኝ» አለ። ሁለት ገጽ እንዳነበብኩ «ማንን ታነባለህ?» አልኩት።

«አላነብም። ስታይሌን እንዳያበላሽብኝ።»

ማኪያቶዬ ትን አለኝ።

እናንተዬ፣ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ካፌ፣ ዝናብ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠች ልጅ፣ «ጥልቅ» ዓይኖች። በዚህ ሳምንት ብቻ እዚሁ ሰፈራችን ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ በሦስት ሰው ስም። የማያነብ ሰው ከመንገድ የለቀመው ሁሉ የራሱ ይመስለዋል። ያነበበ ቢያንስ ከማን እንደሰረቀ ያውቃል። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ ውሎ ዋድላ የሚሻገረው፣ ጎንጅ የሚወርደው ለምን ይመስላችኋል?

እኔም ጻድቅ አይደለሁም። በሃያ ዓመቴ ስብሐትን ብቻ አንብቤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ስብሐት ሆኜ ኖሬያለሁ። የገላገለኝ ሌላ ልብወለድ እንዳይመስላችሁ። «ዝክረ ነገር» ነው፤ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል፣ የ1942ቱ። ርስቱ፣ ግብሩ፣ አዋጁ። እዚያ መሬት «ሰፊ» አይባልም፤ ይህን ያህል ጋሻ ነው። ያን ካነበብኩ በኋላ ቅጽል ስጽፍ እጄ ያፍራል።

በነገራችን ላይ «ዝክረ ነገር» አሁን የለኝም። የወሰድከው ሰውዬ ይህን እያነበብክ ነው። «ለሁለት ቀን» ነበር ያልከው። ልጅህ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገባች! ሠርግህ ላይ በላሁ፣ ክርስትናዋ ላይ ጠጣሁ፤ ቡና ያፈሰስኩበት ጀርባው ከመደርደሪያህ ላይ እያየኝ። ባለቤትህ ለእንግዶች «ከአያቱ የወረሰው ነው» ስትል ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው፤ አንተን ይቅር አላልኩህም።

ምን ነበር የምለው? አዎ፣ ስታይል። ገጣሚው ነቢይ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማዕከላዊ ታስሮ የማርጋሬት ሚቼልን ያን ዳጎስ ያለ መጽሐፍ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። መጽሐፍን ቃል በቃል ከመተርጎም የበለጠ ማንበብ የለም። አሜሪካዊቷ አማርኛውን አበላሸችበት? ግጥሞቹን ያነበበ ይመስክር።

ልጁን ግን ወደድኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት አረፍተ ነገር አለችው፤ እናቱ ሽሮ ስታማስል ስልክ የምታነሳበት፣ ማማሰያውን ሳትለቅ። ያቺ አረፍተ ነገር ብቻ የማንም አይደለችም። «አደፍርስ» የተባለውን ልብወለድ አዋስኩት።

ከመጽሐፉ ጋር ፎቶ አንስቼዋለሁ።