«አታስቢ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው!»

እኛ አገር «ጋራዥ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በግሪስ የጠቆረ ቱታ፣ የተፈታ ሞተርና «ነገ ና» የሚል መካኒክ ነው። አሜሪካ ግን ጋራዥ ማለት ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘች የመኪና ማሳደሪያ ክፍል ነች። ስሟ የመኪና ይሁን እንጂ በብዙ ቤት መኪናው ውጪ ነው የሚያድረው። ጋራዡን የሚሞላው የማይጣልም የማይፈለግም ዕቃ ነው። አሮጌ ፍራሽ፣ የገና ዛፍ፣ የልጅ ብስክሌት፣ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ... አንዳንድ ቤት ደግሞ ሽጉጥ።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ስለ መጨረሻው ነው። «እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ቆዩ፣ እመጣበታለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። እኛ ሰኔና ሐምሌ ጋቢ ስንደርብ እዚያ ሰው የሚቀቀልበት ወቅት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም፤ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤም ቅርቧ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከሙቀቱ የሚብሰው ግን ወበቁ ነው። ኤሲ ካለበት ቤት ስትወጡ መነጽራችሁ ጉም ይለብሳል። ጋራዡማ ኤሲ የለው፣ መስኮት የለው፤ በሩ ተዘግቶ ሲውል ከውጪውም ይብሳል።

የእህቴ ባል (እኔ «ጋሼ» ነው የምለው) ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ሁለት ወጣቶች ሽጉጥ ደቅነው የሱቁን ገንዘብ ወሰዱ። እሱን አልነኩትም። በሳምንቱ ግን ሽጉጥ ገዝቶ መጣ። ሰውየው የጎንደር ገጠር ልጅ ነው፤ ያደገው የአባቱ ጠመንጃ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተኝቶ ነው። እህቴ ደግሞ የመርካቶ ልጅ ነች። መሣሪያ በቅርብ ያየችው የባንክ ዘበኛ ትከሻ ላይ ነው። «ይሄን ነገር ከልጄ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላሳድርም!» አለች። ልጃቸው ያኔ 9 ዓመቱ ነበር።

ጭቅጭቁ ወር ፈጀ። በመጨረሻ ሽማግሌ ሳይገባ ታረቁ። መታረቂያዋም ይህች ነበረች፤ «በቃ አታስቢ፣ ጋራዥ አስቀምጠዋለሁ»። እኔ «ጋሼ፣ የጋራዡም ጣራ እኮ ያው ነው» ብል ሁለቱም ሳቁብኝ።

እናላችሁ፣ ሽጉጡ በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ በፎጣ ተጠቀለለ፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ ገባ፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ ተቀመጠ። ያውም ጥይት እንደጎረሰ። «ባዶ ሽጉጥና መዶሻ አንድ ናቸው» ይል ነበር ጋሼ።

ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ አወረደው። ፎጣውን ሲፈታ ጥቁሩ ብረት ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል። ዝገት! ያ የዘረፉት ዕለት እንኳ ፊቱ ያልተለወጠ ሰው «ኧረ ጉዴ! ኧረ ጉዴ!» እያለ ቤቱን አመሰው። የገዛበትን ዋጋ ደጋግሞ ነገረን። ምሳ ላይ ዝገት፣ እራት ላይ ዝገት፣ ስልክ ሲደወልም ዝገት። አንዱ ጓደኛው «በናፍጣ እጠበው» አለው፣ ሌላው «በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው»። እግዜር ይስጠው፣ አንዱንም አልሰማም።

በማግስቱ ወደ መሣሪያ ሱቅ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ተቀበሉን። ከሁሉ አስቀድመው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ባዶ መሆኑን አዩ፤ አንዴ አይተው ደግመው አዩ። ከዚያ «የት ነበር ያስቀመጥከው?» አሉት። «ጋራዥ»። «በምን?» «በቆዳ ማኅደሩ፣ ከላይ ፎጣ»። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ።

ለካ ጋሼ ዝገትን ግብዣ ጠርቶ አብልቶታል። ቆዳ ሲለፋ ጨውና አሲድ ይገባበታል፤ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ይበላል። ፎጣው ወበቁን ጠጥቶ ይይዛል። ስፖንጅ ያለው ሻንጣም እንደዚያው ነው፤ ለጉዞ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ብረቱን በነካንበት ጣት የምንተወው ላብ ራሱ ጨው ነው። በዚህ ላይ ጤዛው አለ። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ያልበው የለ? ኤሲ ያቀዘቀዘው ብረት ወደ ጋራዥ ሲገባም እንዲሁ ያልበዋል። ሌሊት ቀዝቅዞ ያደረ ብረትም ጠዋት በሩ ተከፍቶ እርጥቡ አየር ሲገባ ያልበዋል። ማንም አያየውም፣ ግን በየቀኑ ይታጠባል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ለመሣሪያ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው፤ ከ60 ሲያልፍ ዝገት ይፈጥናል። ከመጠን በላይ ቢደርቅ ደግሞ የእንጨት ሰደፍ ያለው ጠመንጃ ይሰነጠቃል። የእርጥበት መለኪያ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ገዝተን ጋራዡ ውስጥ ብናስቀምጠው 78 አለን! አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኟትን «አትብሉ» የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት ታውቋታላችሁ። እሷ ሲሊካ ጄል ነች፤ እርጥበት ትመጣለች። ተለቅ ያለው ዓይነት ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል፣ በምድጃ ለስለስ ባለ ሙቀት ሲያደርቁት መልሶ ይሠራል። ግን በደንብ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ካልሆነ ፋይዳ የለውም፤ ክፍት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሂዩስተንን አየር በሙሉ ላድርቅ እንዳለ ይቆጠራል። ብረቱ በመሣሪያ ዘይት ስስ ተደርጎ ይወለወላል። ስስ ነው ያልኩት፣ ዶሮ ወጥ አይደለም። ጥይት ላይ ግን ዘይት አይረጭም፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ ያበላሸዋል። ጥይት ለብቻው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ ለዓመታት ሙቀት ሲፈራረቅበት ባሩዱ ይጎዳል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምቶ ደስ ብሎት ሊወጣ ሲል ሽማግሌው «ልጅ አለህ?» አሉት።

«አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ግን የት እንዳለ አያውቅም»።

ሽማግሌው አሁን አልሳቁም። «እዚህ የሚመጣ አባት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለኝ» አሉት።

እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ወላጆችንና ልጆችን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። «ልጄ መሣሪያው የት እንዳለ አያውቅም» ካሉት ወላጆች 39 በመቶዎቹን የገዛ ልጆቻቸው «እናውቃለን» ብለው አስተባብለዋቸዋል።

እህቴ ይህን ስነግራት ጊዜ አላባከነችም። ምሳ ቀርቦ ሁላችንም እንደተቀመጥን «ማሙሽ፣ የአባዬ ሽጉጥ የት እንዳለ ታውቃለህ?» አለችው።

ልጁ ከታብሌቱ ላይ ቀና እንኳ ሳይል «ከቀለሙ ጣሳ ኋላ። ጫማ ካርቶኑ ውስጥ» አለ።

«ማን አሳየህ?»

«ማንም። የብስክሌቴን ፓምፕ ስፈልግ አየሁት»።

«ነካኸው?»

ዝም አለ። ወጡ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱ ስለ ዝገት ሲያወራ አንድም ሰው «የዛገው ሽጉጥ እኮ የጎረሰ ነው» አላለም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መቆለፊያው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በወጣ ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ለግለሰብ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት። ለጋሼም ሰጥተውታል። እዚያው ጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከነላስቲኩ፣ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር።

ሕግ ላልቷል በሚባልበት በቴክሳስ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የጎረሰ መሣሪያ እንዲያገኝ በቸልተኝነት የተወ ሰው ይከሰሳል። በአገሪቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 የሆኑ ልጆችን በመግደል መሣሪያ የመኪና አደጋን ቀድሞ አንደኛ ሆኗል።

በዚያው ሳምንት ትንሽ የብረት ሣጥን ተገዛች። ሽጉጡ ከጽዳት በኋላ ባዶውን ገባ፤ መቆለፊያውም በመጨረሻ ከላስቲኩ ወጣ። ሣጥኗ የገባችው ጋራዥ ሳይሆን መኝታ ቤት፣ ኤሲ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በቡሎን ታስራ ነው። ጥይቱ ሌላ ቁልፍ ባለው ሌላ ሣጥን ገባ። ቁልፎቹ ከጋሼ ኪስ አይወጡም፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠን ቁልፍ ልጅ ከባለቤቱ ቀድሞ ነው የሚያገኘው። አያችሁ? ዝገትን የሚከላከለው ሣጥን ልጁንም ይከላከላል፤ ሥራው አንድ ነው። ጋራዡ ግን ለሁለቱም አይሆንም። ለሌባ ከሳሎን ይልቅ ቅርብ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣም ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ ያየ ሰው ወለል ላይ ካርቶን እንኳ አያስቀምጥም።

አሁን «እኛን ምን አገባን?» ላላችሁት። አዲስ አበባም ቢሆን የአባቱ ሽጉጥ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ወይም ሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ ጣራ ሥር ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ቤት አይጠፋም። የሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ በጋ ያግላል፣ ክረምት ያልበዋል። ዘመድ መተማ፣ ሁመራ ወይም ጋምቤላ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን እኔ አልነግራችሁም። ፈቃድ ያለው ሰው ከላይ ያልኩትን ያድርግ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ አያት ሲሞቱ ከሣጥን ሥር የማታውቁት ነገር ብታገኙ «ላጽዳው፣ ልፈትሸው» አትበሉ። ልጆቹን አርቃችሁ ፖሊስ ጥሩ።

አንድ ነገር ግን ሽማግሌውም አላነሱት፣ እኛም ሐበሾች አናወራውም። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በዓመቱ ጋሼ ከሥራ ወጣ። እንቅልፍ አጣ፣ ከሰው መቀላቀል ተወ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ቀረ። እህቴ ሦስት ሌሊት አስባበት በአራተኛው «ቁልፉን ስጠኝ» አለችው። ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠና «እኔም ልሰጥሽ ፈልጌ እንዴት እንደምልሽ ጨንቆኝ ነበር» አላት። በማግስቱ ሽጉጡን እነዚያው የሱቅ ሽማግሌ በአደራ ተቀበሉት። ጋሼም ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀመረ። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ፣ እንቅልፉም እስኪመለስ ስምንት ወር ሽጉጡ እዚያው ቆየ። ብዙ ሰው ያቺ ክፉ ሌሊት ካለፈችለት ይተርፋል፤ ያቺን ሌሊት መሣሪያው ከቤት መውጣቱ ነው ዋናው።

የእህቴ ሌላ ጣጣ ይሉኝታ ነበር። ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የሐበሻ ጓደኛው ቤት ይጫወታል። «ቤታችሁ መሣሪያ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ቤታችሁ ሌባ አለ ወይ?» እንደማለት መስሎ ታያት። ስለ ለውዝ አለርጂ ለመጠየቅ አታፍርም እኮ! ቡና እያፈላች፣ ስልኩን እያነሳች እየጣለች ከረመችና አንድ አርብ ማታ ደወለች። ሰላምታው እንደኛ አገር ደንብ ረዘመ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀቻት።

ሴትየዋ አልተቀየመችም። ሳቅ ብላ «አዎ፣ የባለቤቴ አለ። ግን አታስቢ እህቴ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው» አለቻት።

እህቴ ስልኩን ይዛ ትንሽ ቆየችና «እንግዲያው ነገ ልጆቹ እኛ ቤት ይጫወቱ፤ አንቺም ብቅ በይ፣ ቡና እየጠጣን የማሳይሽ ሣጥን አለ» አለቻት።