ጋቢ ያዝ

ወግዲ ለመሄድ ያሰበ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ «ጋቢ ያዝ» እለዋለሁ። እኔን አጎቴ እንዲያ ቢሉኝ ስቄ ነበር። ለአባይ አፋፍ አገር ጋቢ ምን ይሠራል ብዬ!

ጊዜው ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ነው። እናቴ ባረፈች በዓመቷ ነጠላዋን ለታላቅ እህቷ ላደርስ ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና እዚያ አደርኩ። የመካነ ሰላም አውቶቡስ የሚነሣው ማለዳ ስለነበር ከ11 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ ቆምኩ። ታዲያ መንገዱ በለጋምቦ ደጋ፣ በአቀስታ በኩል ነው። ከአምባ ፈሪት የሚነሣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ያዩ ባልቴት የጋቢያቸውን እኩሌታ ጣል አደረጉብኝና፣

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

የአባቴን ስም ብነግራቸው አላወቁትም። የእናቴን ስጠራ ግን የአያቴን ስም እሳቸው ጨረሱልኝ። መካነ ሰላም ስንደርስ የወግዲን መኪና ፈልገው ያሳፈሩኝ፣ ሾፌሩንም «አደራ፣ አክስቱ ደጅ ድረስ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ደግሞ ውሃና አጎበር ይያዝ፤ ቆላው ወባ አያጣውም። በጧት ይውረድ፤ ክረምት ከሆነ ጭቃው አይጣል ነው።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ከጋቢውም የሚቀድም ጥያቄ መጣ፤ «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» የሚል። አክስቴ ስልክ በሠራ ቁጥር «መቼ ትመጣለህ?» ይሉኛል። የገዛሁት ጋቢ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደታጠፈ ነው።